ቀለም ቀመስ

ረመዳን ተጋምሷል። ኩዌት፣ ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ ከረሜላው ሲያብረቀርቅ፣
ሁለት መቶ ከረጢት እሞላለሁ ቁጭ ብዬ፣
አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ሁለት እፍኝ ከረሜላ፣ በሪባን ጠቅልዬ።
ነገ ገርጌዓን ነው፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ
ከበሮ አንጠልጥለው ይመጣሉ፣ «ስጡን፣ አላህ ይስጣችሁ» እያሉ።

አንዱ ተሰብሮ ኖሮ እርጥብ እጄ ላይ ቀለጠ፤
በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ቀዩ ጭራሽ አፈጠጠ።
እንዳልልሰው ጾም ነኝ፣ መግሪብ እስኪደርስ፤
ባልጾምስ? ቆዳ ላይ ሙጭጭ ያለ፣ ሆድ ገብቶ በምን ሊታበስ?

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ እትዬ ሉባባ ቀለም በማንኪያ ስትሰፍር፣
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብጫ፣ ለአለላ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ስትቋጥር፣
ሳትናገር አትሰጥም ነበር፦ «ልጅሽ እንዳይልሰው፣ ልጄ፣
ይህ ለሣር እንጂ ለሰው አይደለም።» ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ቀዩም በእጄ።

ይኸው የማሳድገው ፈዋዝ፣ ገና አምስት ዓመቱ፣
ብጫውን የበላ ቀን አልጋ ላይ ሲዘል፣ መጋረጃ ሲጎትት ይነጋል ሌሊቱ።
እናቱ «ያሞላቀቅሽው አንቺ ነሽ» ትለኛለች።
ሐኪሙን ጠየቅነው፤ «ይሆናል» አለ፣ «ላይሆንም፣
የአንዱ ልጅ ገላ ይችለዋል፣ የሌላው አይችልም።»

የከረጢቱን ጀርባ ገለበጥኩ። ቁርኣን ቤት፣ ሉህ ታቅፌ
ፊደል የለየሁ ነኝ፤ እንደ ጉንዳን የደቀቀውን ዐረብኛ አነበነበው አፌ።
«መቶ ሁለት» ይላል፣ «መቶ አስር»፣ «መቶ ሃያ ዘጠኝ»፤
ስም የለውም እንዴ? እንደ እስረኛ በቁጥር የሚጠራ ነገር አስፈራኝ።
(እኔም እዚህ አገር ወረቀቴ ላይ ቁጥር ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?)
ከሥሩ ደግሞ፦ «የሕፃናትን ቀልብ ሊያውክ ይችላል።»
በመርፌ ዓይን ነው የጻፉት፤ በትልቁ ጽፎ ማን ይሸጣል?
አባቴ «ልጄ ቀለም ትቆጥራለች» እያለ ለሰው እንዳወራ፣
ይኸው ቆጠርኩለት፣ ሦስት ቀለም፣ በሰው አገር፣ በከረሜላ ተራ።

ለእመቤቲቱ አሳየኋት። «ዓለም ሁሉ ይበላዋል» ብላ ሳቀች፣
ስልኳ ጠራ፣ ሄደች።
የፈዋዝን ከረጢት ግን ፈትቼ፣ ብጫና ቀዩን ለቅሜ፣
ቴምር ከተትኩበት፤ ለእሱ እንኳ ይድረስ አቅሜ።

ከዚያ የእኔ ስልክ በራ። ባቲ። ረውዳ፣ ሰባት ዓመቷ።
ምስሉን የሞላው አፏ ነው፣ የወለቀ ጥርሷ ክፍተት፣ ድዷ፣ አንደበቷ፦
«እማ፣ የላክሽው ከረሜላ ነው፤ ምላሴን እዪ!
ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አደልኩ፤ የእነሱን ደግሞ ብታዪ!»

ሦስት ኪሎ፣ በካርጎ፣ ባለፈው ወር፣ በገዛ እጄ።
ክፍሉ በሙሉ ቀለም ቀመስ ሆነልሽ፣ ልጄ።

«ትፊው» ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ፤
አራት ዓመት ሙሉ ከእጄ የጎረሰችው ይህንኑ ነበረ።
«ተጉመጥመጪ» አልኳት፣ «በውሃ።»
«ለምን?» አለች። መስመሩ ተቆረጠ።

ከአልጋዬ ሥር ሌላ ካርቶን አለ፣ ታሽጎ በፕላስተር፣
ለዒድ የሚላክ፤ ቀደድኩት። ከረሜላው ወጥቶ ጥጉ ባዶ ሲቀር
ምን ልተካ? ሱቅ ወርጄ ባለቀለም እርሳስ ገዛሁ፣ አሥራ ሁለት፤
በራሴ ሳቅኩ፤ መለስ ብዬም ክዳኑ ላይ በአማርኛ ጻፍኩበት፦
«አይላስም።»